አርባ ሁለት እርምጃ

ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ፣ ሐዋሳ፣ መስኮት ቁጥር ሦስት ነኝ፤
ስሜን የያዘው የለም፣ በቁጥሬ ነው የሚጠሩኝ።
ሰልፉ ከደጄ ተነሥቶ ዋርካው ሥር ሲጠመዘዝ
ፎቶን ከፊት ማመሳከር፣ ማኅተም መምታት፣ ማዘዝ።

መልስ ከአፌ አይጠፋም፦
«ጉርድ ፎቶ አራት። ዋናውን ካርድ። ኮፒ ብቻ አንቀበልም።
ፍራሽ አለ፤ አንሶላ የለም።»
ወላጅ የጨነቀው እንደሆን «አይዞዎት፣ ግቢው ሰላም ነው፤
ሐይቁ ቅርብ፣ ጥላው ብዙ፤ ለልጅዎ ቤቱ ነው» ስለው
ውሸት አልነበረም ይኼ፤
እውነትም ግን አልሞላበት፤
ቤት ብዬ ስናገር፣ ስንት ክፍል እንዳለበት
አንድ ቀን ዞሬ አላየሁት።

ቀጸላ ላታሞ መጣች፣ ከአርቤጎና፣ በአይሱዙ፤
ሳጥኗ ባባቷ ትከሻ፣ የእንሰት ቂጣ በጓዙ።
ቅጹን ከአፍንጫዋ አስጠግታ፣ ሽታ እንደሚፈልግ ሰው
ፊደል በፊደል ለቅማ ሞላችው።

«ጋሼ» አለች ጎንበስ ብላ በመስታወቱ ቀዳዳ፣
«ዓይኔ ሰሌዳ አይደርስም። ለእንደኔ ያለ እንግዳ
ጽሑፍ የሚያጎላ መሣሪያ፣ ወይ የሚያነብልኝ ሰው አለ?»
ሰልፉ ከኋላ ገፋ፤ ሆዴም ምሳ ሰዓት አለ።
«ግቢ ስትገቢ ይነግሩሻል» አልኳት፣
ማን እንደሚነግራት ሳላውቅ።
«ቀጣይ!»
ማኅተሜ «ጧ» ብሎ ሲወድቅ።

ታኅሣሥ ላይ ያችው ሳጥን፣ ያው መስኮት፤ አሁን ብቻዋን።
የመልቀቂያ ቅጽ ጠየቀች፤ ሞልታም መለሰች ቅጹን።
«ምክንያት» ከሚለው ሥር ፊደሏ እንደ ጉንዳን ተሰልፎ
ከተሰጠው መስመር አልፎ፦
«ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሰሌዳው ያው ጉም ነው።
የፈተናው ጽሑፍ ደቃቅ ነው። ጓደኞቼን አሰለቸሁ።
የሚጠየቅ ሰው አላገኘሁ።»

የሚጠየቅ ሰው!
ታዲያ ከመስታወቱ ጀርባ
ይህን ሁሉ ዘመን የተቀመጠው ማነው?

ያን ዕለት ምሳ አልበላሁም። ዘበኛው ዳንጊሶ ነው ያሳየኝ፦
ከቢሮዬ ጀርባ፣ ከውኃ ታንከሩ ወዲያ። ቆጠርኩ፤
አርባ ሁለት እርምጃ ሆነኝ።
በሩ ላይ ጽሑፍ ነበረ፣ ፀሐይ የላሰው።
ውስጡ ወይዘሮ አምሳለወርቅ የማጉያውን መስታወት ይወለውላሉ፤
የብሬሉ ወረቀት እንደታሸገ፣ መቅረጸ ድምፁ እንደተደረደረ።
«ተማሪ አይመጣም ተብሎ» አሉ፣ «ክፍሉን ለመጋዘን ሊወስዱት ነው።
ለእናንተም አምና ጽፌ ነበር፤ መልስ ግን አጣሁ።»

ተመልሼ መሳቢያዬን አመስኩ። የለም።
ደብዳቤያቸውን ያገኘሁት
ከማኅተም ቀለሜ ሥር ነው፤
ጠረጴዛው እንዳይበላሽ አንጥፌው፣
ዓመት ሙሉ ቀለም አጠጥቼው።

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ።
እውነት ነው። በር ከፋቹ ግን ጓዳውን ካላወቀ
እንግዳው ምን ጠይቆ ዳነ፣ ምን ሳይጠይቅ ወደቀ?
አሞራ ገደል ያሉት አባ ኮዳዎች እንኳ
ዓሣ አራጁ የትኛው ድንጋይ ላይ እንደሚቆም ያውቃሉ፤
እኔ የጎረቤቴን በር አላውቅም።

ስልኳን ደወልኩ። ዝግ ነው። ሦስት ቀን። በአራተኛው አባቷ
አነሡት፤ «ማሳ ናት» አሉኝ፣ «ከእናቷ።»
ስለ ክፍሉ ነገርኳቸው፣ ስለ ማጉያው፣ ስለ እርምጃው ቁጥር፤
ዝም ብለው አደመጡኝ።
መጨረሻ ላይ «እሺ» አሉ፣ «እነግራታለሁ» አሉኝ።
ያ «ይነግሩሻል» ያልኩት ቃል
ራሱ ዞሮ ተቀበለኝ።

ዘንድሮ መስኮቴ ላይ ማስታወቂያ ለጥፌያለሁ፣
አንዱ ፊደል የእጄን መዳፍ ያህላል።
አንዳንዴም ወንበሬን ትቼ፣ የአንዱን ክንድ ይዤ እሄዳለሁ፤
ሰልፉ ያጉረመርማል።
ስመለስ ዓይኔ እስከ ዋርካው
ወረቀቷን ከአፍንጫዋ ያስጠጋች
አንዲት ልጅ ይፈልጋል።